የደዋዮቹ ቤቶች

በእቴቴ ላይ በቀን መቶ ሠላሳ ሰው ይቆጣል። አንዱንም በዓይኗ አይታው አታውቅም። የምትሠራው የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ የቅሬታ ስልክ ታነሳለች። ውሃ የጠፋበት፣ ቧንቧ የፈነዳበት፣ ቆጣሪው ያበደበት ሁሉ ወደ እሷ ይደውላል። እሷ ታዳምጣለች፣ ትጽፋለች፣ በመጨረሻም «ቅሬታዎን መዝግበናል፤ ባለሙያ ይላካል» ትላለች። ባለሙያው መቼ እንደሚላክ እሷም አታውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትል ስለኖረች ቃሉ ምላሷ ላይ በቅሏል። ልጄ «ራበኝ» ስትላት እንኳን መጀመሪያ «ቅሬታሽን መዝግበናል» ብላት ነው ወደ ጓዳ የምትገባው።

እቴቴ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። እናታቸው ሲሞቱ ባለቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ጢሙን ያስረዘመ ሰውዬ ሆኖም «ማሙሽ» ነው የምትለው። እኔም ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኝ «ሙሽሪት» ነኝ። የምንኖረው እናታቸው በተዉላቸው ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ሳሎን። አንዱ ክፍል የእሷ፣ አንዱ የእኛ፤ ሳሎኑ ደግሞ ቀድሞ ለደረሰ ሰው ነው።

ቢሮዋን አንድ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ። ስድስት ጠረጴዛ፣ ስድስት ሴት፣ በመካከላቸው ቡናማ ጨርቅ የተለበጠ መከለያ። መስኮቱ የሚያሳየው ግቢ ውስጥ የተከመረ የተሰበረ ቆጣሪ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ ስፖንጁ ስላለቀ እቴቴ የልጄን አሮጌ ካልሲ ቆርጣ ሰፍታበታለች። ከፊቷ ያለው ስክሪን ጥግ ላይ ሰዓት አለ። ስልኩ ሲነሳ ከዜሮ ይጀምርና ይቆጥራል። ሦስት ደቂቃ ሲያልፍ ቀይ ይሆናል። የቀረውን የቢሮ ነገር የማውቀው እሷ ስትነግረኝና አጠገቧ የምትቀመጠው፣ ሁሉም «ሳቂታዋ» የሚላት ባልደረባዋ ስትጨምርበት ነው። ሳቂታዋ ስትጨምር ደግሞ አትሰስትም።

ነገሩ የጀመረው በማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ደዋይ እናቷን ሰደበ፤ እቴቴ ጮኻበት ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ንግግሩ ሁሉ ይቀዳልና ተገኘባት፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ደረሳት። ሁለተኛው የመጣው በአንድ ጡረታ በወጡ አስተማሪ ምክንያት ነው። ሰውዬው በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ደወሉ። በዘጠነኛው «አንቺ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው የምታታልዪኝ?» ሲሏት፣ «እኔ ቧንቧ ነኝ እንዴ፣ ጌታዬ? ብጨመቅ ውሃ ይወጣኛል?» አለቻቸው ጮክ ብላ። አምስቱ ሴቶች ሳቁ። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም።

ኃላፊዋ ከእቴቴ በአሥር ዓመት ታንሳለች። በደህና ቀን «እቴቴ፣ አንቺ» ትላታለች። ማስጠንቀቂያ ስትሰጥ ብቻ «እርስዎ» ትላለች።

«እርስዎ» አለቻት የዚያን ቀን፣ «ደንበኛ ላይ ድምፅ ከፍ በማድረግ ሁለተኛዎ ነው። ሦስተኛው ስንብት መሆኑን ያውቃሉ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች እቴቴ። «ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።»

«አይጧን እኔም አላገኘኋትም። ይፈርሙ።»

ፈረመች። ሌላ ሙያ የላትም። ለዚህ ሥራ ያላት ድምፅዋ ነው፤ ድምፅዋ ደግሞ ማለቅ ጀምሯል። ቤት ስትገባ የስልክ ጥሪ መስማት አትችልም፤ የባለቤቴ ስልክ ሲጮህ ትራስ ትጭንበታለች። ልጄ ሙዝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ሀሎ» ስላለች ቁጣ ወረደባት፤ ልጅቷም ሙዙን ሳትበላው አስቀመጠችው። ሐኪም ቤት ብትሄድ ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ «ደህና ነሽ፤ ብቻ አፍሽ ይረፍ፣ እጅሽን ሥራ አስይዢው» አላት።

«እስከ ዛሬ ልብስ የማጥበው በእግሬ መስሎታል መሰለኝ» አለችኝ ስትመለስ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ማቀዝቀዣ ገዛ። ማቀዝቀዣው ጥግ ይዞ ሲቆም ካርቶኑ የሳሎኑን ግማሽ ያዘ። ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ልሰጠው በር ላይ አቁሜው ሳለ እቴቴ ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ካርቶኑን በጣቷ አንኳኳችው፤ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው።

«ይኼ እኮ ድርብ ነው» አለች።

«ድርብ ቢሆን ምን ይጠቅመናል?»

«አትስጪው፣ ሙሽሪት።»

«ሳሎን ውስጥ ለሁለታችን ቦታ የለም። ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ።»

«እሱ ይግባ፣ አንቺ ትንሽ በር ላይ ቆዪ» ብላ እየጎተተች ይዛው ገባች።

ራት ከመድረሱ በፊት መሬት ላይ ተቀምጣ በምላጭና በልጄ ማስመሪያ ትቆርጥ ነበር። ባለቤቴ ሲመጣ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እቴቴ! ሊፍቱንም ትሠሪልኛለሽ?»

እኔ ያን ዕለት ነው የሰማሁት። እቴቴ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የካርቶን ቤት ትሠራ ነበር። ለእሱ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ባለ ሦስት ፎቅ ሠርታለት፣ በክር የሚሳብ የክብሪት ሳጥን ሊፍት አድርጋበት፣ ጢንዚዛ ጭነው ሦስተኛ ፎቅ አድርሰዋል። «ጢንዚዛዋ ስትወርድ በደረጃ ነው የወረደችው፤ ሊፍቱን አላመነችውም» አለ። እናታቸው ሲሞቱ እቴቴ ምላጩን አስቀምጣ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም ነበር።

እጇ አልረሳም። ካርቶን ስትቆርጥ ዝም ብላ አትቆርጥም፤ መጀመሪያ የመስመሩን አቅጣጫ ታያለች። በመስመሩ ከታጠፈ ግድግዳው ቀጥ ይላል፣ ከመስመሩ ውጪ ከታጠፈ ይጎብጣል። በእርጥብ ጨርቅ አሸት አሸት አድርጋ የላይኛውን ወረቀት ስትልጠው ሞገድ ሞገዱ ይወጣል፤ ያ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ደረጃው የክብሪት እንጨት፣ ቧንቧው ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ። ሙጫው ከእኔ ዱቄት ነው፤ ጉንዳን እንዳይወረው ኮምጣጤ ጠብ ታደርግበታለች። ዱቄቴ ከወሩ በፊት ማለቅ ሲጀምር ዝም አልኩ። ከቤት ውስጥ ቁጣ የዱቄት ማለቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቤት የልጅነቷ ዓይነት ነበር። ሁለተኛው ግን ሌላ ሆነ። ሰኞ ዕለት አስተማሪው አሥረኛ ጊዜ ደውለው ነበርና በሩን በርግዳ ገባች።

«ቆይ እስቲ» አለች ምላጩን እያነሳች፣ «ይኼ ሰውዬ የት ቁጭ ብሎ ነው የሚሰድበኝ?»

በዚህ ከተማ ቤት በቁጥር አይገኝም። የቅሬታው ቅጽ ላይ «ምልክት» የሚል መስመር አለ፤ ደዋዩ የሚናገረውን እዚያ ይጽፉታል። የአስተማሪው ምልክት በቃሏ ነበረ፤ ከአናጢው ሱቅ ጀርባ፣ ከሰማያዊው በር አልፎ፣ አምስት ደረጃ ወርዶ፣ በግራ። ሱቁን ሠራች፣ በሩን በልጄ ቀለም ሰማያዊ ቀባች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ለጠፈች። ለቤቱ ከራሷ ግምት ሦስት መስኮት አወጣችለት። አምስተኛውን ደረጃ ስትጨርስ እጇን አቆመች።

«በዚህ ዕድሜ ባልዲ ተሸክሞ አምስት ደረጃ» አለች።  ከዚያ የእስክሪብቶ ቀፎውን ከግድግዳው ጋር አያያዘችለት።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ሆነ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክፉኛ ያናደዳትን አንድ ደዋይ ትመርጥና ከሥራ መልስ ቤቱን ትሠራዋለች። ለእያንዳንዱ ቤት ቧንቧ ታስገባለታለች። ልጄ አንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ አምጥታ «ይቺ የቤቱ እናት ናት» ብላ ልታስገባ ስትል መለሰቻት። «ሰው አልሠራም፣ እማዬ። በቀን መቶ ሠላሳ ይበቃኛል።»

በአራት ወር አርባ ያህል ቤት ሞላ። ከአልጋዋ ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከማቀዝቀዣው አናት። ባለቤቴ ጫማ ሲፈልግ የአንድ ሰው ግቢ ረግጦ ይቅርታ ጠይቋል። እቴቴ በአራቱ ወር አንድም ደዋይ ላይ አልጮኸችም። ኃላፊዋ እንኳን «እቴቴ፣ ምን ጠጥተሽ ነው?» ብላ ጠይቃታለች። እኛም ነገሩ አለፈ ብለን ነበር።

ሳናውቀው ግን ሌላ ነገር ገብቷል። ማታ የምትሠራውን ቤት ቀን ላይ መጠየቅ ጀምራለች። ቅጹ አንድ መስመር ነው የሚፈልገው፤ እሷ ግን ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ በሩ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ የሚከፈተውን ትጠይቃለች። በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት ቀይ ሆኖ ይውላል። የደወለ ሰው ደግሞ አንዴ ስለ ቤቱ ከጀመረ አያቆምም። አንድ ሴትዮ ከውሃው ተነስታ የጎረቤቷን አጥር ክርክር እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ ነግራታለች።

ወረፋ የሚጠብቁት ደዋዮች በዙ። ኃላፊዋ የተቀዳውን አስከፍታ ብታዳምጥ እንዲህ የሚል አገኘች።

«ሦስት ቀን ውሃ የለንም! ሕፃናት አሉ!»

«እሺ፣ እመቤቴ፣ ጻፍኩ። ጣሪያዎ ወደ የት ነው የሚያዘቀዝቀው?»

«ጣሪያው?»

«ወደ መንገዱ ነው ወይስ ወደ ጓሮ?»

«ወደ ጓሮ… ለውሃው ምን ያደርግለታል?»

«መስኮቱስ መጋረጃ አለው?»

እዚህ ላይ ሳቂታዋ ስትነግረን በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣች።

ኃላፊዋ ግን ሰዓቱን ነው ያየችው፤ ሰባት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። «ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ይምጡ» አለቻት። ሦስተኛው ደብዳቤ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

እሑድ ከሰዓት ሳሎን ተቀመጥን። ባለቤቴ መፍትሔ ይዞ መጣ።

«ለጥገና ሠራተኞቹ ብዬ ነው በያት። ቤቱን በቀላሉ እንዲያገኙት።»

«ሠራተኛ ቤት ለማግኘት መጋረጃ ምን ያደርግለታል፣ ማሙሽ?»

«እሷ መች ታውቃለች?»

«የውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት እኮ፤ መጋረጃ ሻጭ አይደለችም።»

«እቴቴ፣ ቀልዱን ተዪው። ከሥራሽ ነው የምትወጪው።»

እኔ ሰኞ ዕለት ማንንም ሳላማክር የጥገና ሠራተኞቹ አለቃ ወደሚገኝበት ግቢ ሄድኩ። እውነት ረድታቸው ከሆነ ምስክር ይሆናል ብዬ ነው። ሰውዬው የቧንቧ መፍቻ ትከሻው ላይ አድርጎ ሻይ ይጠጣ ነበር። የማን ቤተሰብ እንደሆንኩ ስነግረው ሳቀ።

«የእሷ ወረቀት? ቤቱን እናገኘዋለን፣ አልዋሽም። አንድም ቀን አልጠፋንም።»

«ታዲያ ይህንኑ ለኃላፊዋ ይንገሩልኝ።»

«እነግር ነበር፣ እህቴ። ግን የእሷን ወረቀት አንብበን እስክንጨርስ ውሃው በራሱ ይመጣል። ልጆቹ ‹ልብ ወለዱ ደረሰ› ነው የሚሉት። ይኼንንም ልንገርላት?»

«አይ፣ ተዉት» ብዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ስትወጣ የአስተማሪውን ቤት በዳቦ ላስቲክ አድርጌ ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም። ባዶ እጇን ከምትገባ ብዬ ነው።

በስብሰባው ሳቂታዋ የሠራተኞቹ ተወካይ ሆና ተቀምጣ ነበር። ኃላፊዋ የተቀዳውን ከፍታ አሰማቻቸው፣ ከዚያም ዘጋችው።

«እስቲ ያስረዱኝ። ይህንን ሁሉ የጠየቁት ለጥገና ክፍሉ ብለው ነው?»

ሳቂታዋ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

«አይደለም» አለች እቴቴ። «ለራሴ ነው። ቤት ስገባ ቤታቸውን እሠራዋለሁ። ያን ጊዜ ይበርድልኛል።»

«ቤታቸውን ይሠሩታል?»

እቴቴ ላስቲኩን ፈታችው። ኃላፊዋ ቤቱን በሁለት እጇ ይዛ አዟዟረችው። ሰማያዊውን በር አየች፣ ደረጃዎቹን በጣቷ ጫፍ ቆጠረች፣ እስክሪብቶ ቀፎው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቧንቧ።»

«ውሃ አለው?»

«በእኔ ሥራ ውሃ የሌለው ቤት የለም።»

ኃላፊዋ ቤቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።  «ለራሴ ነው ካልሽ በሥራ ሰዓት የግል ጉዳይ ነው» አለች በመጨረሻ፤ አንቺ ማለቷን ሳቂታዋ አስተውላለች። «ውሸት ብትነግሪኝ ደብዳቤውን ፈርሜ እገላገል ነበር። እኔንም ከላይ የሚጠይቀኝ አለ፣ እቴቴ። አንድ ወር እሰጥሻለሁ። አማካዩ ሦስት ደቂቃ አይለፍ። ድምፅም ከፍ አይበል። ሁለቱም። አንዱ ከጎደለ እፈርማለሁ።»

የአስተማሪውን ቤት መልሳ ይዛ መጥታ ስትነግረን ባለቤቴ ደስ አለው። እኔ ግን ቁጣዋ የበረደው በቤቶቹ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቤቶቹ ደግሞ የሚሠሩት በጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከልክሎ ትዕግሥቱን መጠበቅ ውሃውን ዘግቶ ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው።

እንደፈራሁትም ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ምልክቱን ጽፋ ዝም አለች። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ላይ መቆም ለመደ። ምላጩ ግን መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ቤት ገብታ ጫማዋን ግድግዳ ላይ ወረወረች፤ ትራሱ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ደዋይ «ደሞዝሽን የምከፍልሽ እኔ ነኝ» አላት። ድምፅ ማጥፊያውን ተጭና ለቡናማው መከለያ የምትለውን ሁሉ አለችው። አንድ ደቂቃ ሙሉ መከለያው ተሰደበ። ከዚያ ቁልፉን ለቀቀችና «ቅሬታዎን መዝግበናል» አለች። ሳቂታዋ ያን ቀን አልሳቀችም።

በአሥረኛው ቀን ምላጩን ካለበት አወጣች። ራት አቅርቤ ስመለስ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ትሠራ ነበር። የሠራችው አንድ በርና ሁለት ደረጃ ነው፤ ከኋላው ምንም የለም።

«ግድግዳውስ?» አልኳት።

«አልነገሩኝም። ‹ሁለት ደረጃ የወጣ የብረት በር› ነው ያሉት።»

«አንቺው ጨምሪበት። አራት ግድግዳ ማንም ቤት አያጣም። ማን ይቆጣጠርሻል?»

«የማላውቀውን ቤት ለሰው ልስጠው? ያሉትን ያህል ነው የምሠራው።»

«ግማሽ ቤት ምን ያደርግልሻል?»

በሩን በጣቷ ከፍታ ዘጋችው። ማጠፊያው ክር ነበርና ሳይጮህ ተዘጋ። «አላውቅም» አለች። «እስቲ ይታያል።»

በማግሥቱ አንድ አጥርና አንድ ዛፍ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ምድር ቤት የሌለው ፎቅ፤ ደዋዩ «ሦስተኛ ፎቅ» ብቻ ብሎ ስለነበር በአራት የክብሪት እግር አየር ላይ አቆመችው። ባለቤቴ «ጢንዚዛዋ በምን ትወጣለች?» አላት፤ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። ቧንቧውን ግን አልተወችም፤ በር ብቻ ላለው ከበሩ ጉበን ጋር ታስርለታለች። ግማሽ ቤቶቹ የሚፈጁት ጊዜ አጭር ስለነበር ሙጫው ቶሎ ወደ ቦታው፣ ትራሱም ከስልኩ ወደ አልጋው ይመለሱ ጀመር። ጫማዋን በር ላይ አስተካክላ ማስቀመጥ ጀመረች። እኔ ዱቄት ጨምሬ ገዛሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪው ደወሉ። ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ እቴቴም መቁጠር ትታለች። ምልክቱን ሳትጠይቃቸው ጻፈችው። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሲል «ቅሬታዎን» ብላ ጀመረች።

«ቆይ» አሉ አስተማሪው። «አንቺ ያቺ የጣሪያዋ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እና ዛሬ አትጠይቂኝም? ያን ጊዜ ጣሪያውን ነግሬሽ መስኮቱ ላይ ሳንደርስ መስመሩ ተቋረጠ።»

እቴቴ ሰዓቱን አየች። ሁለት ከሃምሳ። «አልተፈቀደልኝም፣ ጌታዬ» አለች።

«እንዲያ ከሆነ አትጠይቂ፣ እኔ እናገራለሁ። ሁለት ነው። አንደኛው መስታወቱ ተሰብሮ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ደህና ዋይ።» ዘጉት። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት።

ያን ቀን ከሥራ መጥታ ከራሷ ግምት ያወጣችውን ሦስተኛ መስኮት ደፈነች። የአንዱን መስታወት አንስታ ከዳቦ ላስቲክ ቆርጣ ለጠፈችበት። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ተነስታ ልጄን ገላዋን አጠበችልኝ፤ ሳትጠየቅ።

ወሩ ሞላ። ኃላፊዋ ቁጥሩን አውጥታ ጠራቻት፤ አማካይ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አራት። ድምፅ ከፍ ያለበት ጥሪ የለም። መከለያው ላይ የተባለው አልተቀዳም፤ ሳቂታዋም አልተናገረችም። ኃላፊዋ ሦስተኛውን ደብዳቤ ለሁለት ቀድዳ ጣለችው። የፊተኞቹ ሁለቱ ፋይሉ ውስጥ ይቆያሉ፤ ለእነሱ ሥልጣን የለኝም አለች።

እቴቴ ይህን የነገረችን ዳቦ እየቆረሰች ነው፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ። ባለቤቴ ተነስቶ አቀፋት። «ተወኝ፣ ጢምህ ይወጋል» አለችው።

«አስተማሪውስ ውሃ አገኙ?» አልኳት።

«ካለፈው ወዲህ አልደወሉም። ወይ መጥቶላቸዋል፣ ወይ ተስፋ ቆርጠዋል። ‹ውሃ መጣልኝ› ብሎ የሚደውል ሰው አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ወደ ሥራችን ገባን። እኔ ጓዳ ውስጥ ከልብስ ማጠቢያ ገንዳው በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ በሜትር ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአሥር ይሆናል። መደርደሪያ ይወጣዋል። ግማሹን ለሳሙናና ለልብስ መቆንጠጫ፣ ግማሹን ለእሷ አልኩ።

«ሁለት እጁን» አለች።

«ግማሹን። ካልተስማማሽ ቅሬታሽን መዝግበናል።»

«ባለሙያው መቼ ይላካል?»

ባለቤቴ መሰርሰሪያውን ይዞ ወንበር ላይ ወጣ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ልጄ የማስመሪያውን ጫፍ ይዛላት፣ የዕለቱን ደዋይ ትቆርጥ ነበር። የእሱ ምልክት አጭር ነው፤ «ከጠባቡ መንገድ መጨረሻ፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብሎ ዘግቷል። መንገዱን ረጅም አድርጋ ቆረጠችው። በሩን ከፍታ፣ እንዳይዘጋ በክብሪት እንጨት ደገፈችው።